በጀሶ የተጠቀለለው አጥንት

በዳይኖሰር አጥንት የታሰርኩ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር እዚህ በስደት በምኖርበት ኦክላንድ ያሉ ወዳጆቼ ይስቃሉ። ነገሩ ስለሚያስቅ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። የማያስቀውን ክፍል ግን ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም።

የሥነ ምድር መምህር ነበርኩ። ከአባይ ገባሮች በአንዱ ገደል፣ የባሕር ዛጎል ከሞላበት ድንጋይ በላይ፣ ቀይ የጭቃ ድንጋይ አለ። በዳይኖሰሮች ዘመን ወንዝ ያነጠፈው ደለል ነው። ከዚያ ውስጥ የአዞና የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊት ስንለቅም ከርመናል። በዚያ ሳምንት ግን የታፋ አጥንት አገኘሁ፤ የቅጠል በል እንስሳ ነው፣ ምናልባትም ገና ያላደገ። እንዳይፈረካከስ እንደ ሥራችን ወግ የጆንያ ቁራጭ በጀሶ እየነከርን ጠቀለልነው። ሲደርቅ የተሰበረ የሰው እግር መሰለ።

የታጠቁት ሰዎች ገደሉን ሲወርዱ ቀና ብዬ ሰላም አልኳቸው። አንደኛው በሰደፍ አፌን መታኝ። ጥርስ ስለቅም በከረምኩበት ቦታ የራሴን ጥርስ ጥዬ ሄድኩ። ሠራተኞቼ ሸሹ፤ እኔን እጄን የፊጥኝ አስረው ከአጥንቱ ጋር መኪና ላይ ጫኑን።

የጣሉኝ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። የነቀዝ መድኃኒትና የሽንት ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። ልጃቸው ከሌሎች ወጣቶች ጋር ከወፍጮ ቤት ተወስዶ የገባበት ጠፍቷል። እሳቸውም ልጄን አሳዩኝ ብለው ጣቢያ ስለተመላለሱ ታሰሩ። እኔ ከመድረሴ በፊት ወሬው ቀድሞኝ ነበር፤ አጥንት ሲቆፍር የተያዘ ሰው መጣ ተብሏል።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “መምህር፣ ያወጣኸው አጥንት የወጣት ነው የሽማግሌ?” አሉኝ።

ሰው ከመፈጠሩ በፊት የነበረ አውሬ ነው አልኳቸው። በሐዘኔታ አዩኝ።

“ፈርተህ ነው። አልፈርድብህም” አሉና ዞረው ተኙ።

በጣም ተናደድኩ። ከመቱኝ ሰዎች ይልቅ በእሳቸው ተናደድኩ። እውነቱን ተናግሬ እንደ ፈሪ መታየት እንደዚያ የሚያንገበግብ አይመስለኝም ነበር።

በማግስቱ መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። አጥንቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። እጅና እግሬን አስረው በእንጨት አንጠለጠሉኝና ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ሽቦ ገረፉኝ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የማን አጥንት ነው? የእንስሳ ስል ይመቱኛል፤ የዳይኖሰር ስል የቀለድኩባቸው ይመስላቸውና ይብሳሉ። መቃብር ቆፍረህ ለውጭ ጋዜጠኛ ልታሳይ ነው የመጣኸው ይሉኛል። ያኔ ነው የገባኝ። እነሱ አጥንት የፈሩት ራሳቸው የቀበሩት ስላለ ነው። እግሬ መጀመሪያ ነደደ፤ ኋላ የሌላ ሰው እግር ሆነ።

በመጨረሻ መርማሪው የራሴን መዶሻ አንስቶ አጥንቱን መታው። ጀሶው ተሰንጥቆ ቀይ ስባሪ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። መቅኔ ሊኖር በሚገባው ቦታ ድንጋይ ያብለጨልጫል። አንዱን ስባሪ አንስቶ ክብደቱን መዘነ፣ በጥፍሩ ፋቀው። ከዚያ ሳቀ።

“እኛ እኮ የወፍጮ ቤቱን ልጆች ያወጣህ መስሎን ነው። እነሱ ከወንዙ ማዶ ናቸው” አለ።

የሚገርፈኝ ሰው አንገቱን ደፋ። መርማሪውም ሳቁን አቆመ። መጥቶ ያበጠ እግሬን በቡጢ መታው፤ ደገመው።

“ምን ሰማህ?”

“ምንም።”

“ጎሽ። ነገ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።”

ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች። ዝም ካልኩ ነገ አገኛታለሁ። ከተናገርኩ እኔንም ማዶ ይወስዱኛል። ወደ መጋዘኑ ሲመልሱኝ ሽማግሌው ከመጠጥ ውሃቸው ቀንሰው በጨርቅ እየነከሩ ውስጥ እግሬን ጠቀለሉልኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ይቀለኝ ነበር።

ሲያንቀላፉ ከእኛ ጋር ለታሰሩት ቄስ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

“ይነገረዋል” አሉኝ፤ “ግን እንዲህ በሹክሹክታ አይደለም። መርዶ ወግ አለው። ዛሬ በልቶ ይተኛ።”

ማታ ሽማግሌው ቂጣቸውን ሲበሉ የምናውቅ ሰዎች መዋጥ አቃተን። ወሬው ከጆሮ ወደ ጆሮ ክፍሉን ዞረ። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሶ ልብሱን አስተካከለ። መርዶ ሊነግር የሚሄድ ሰው ተዝረክርኮ አይሄድም። ሁላችንም ቆምን፤ እኔን ሁለት ሰዎች በብብቴ ይዘው አቆሙኝ። ቄሱ ሽማግሌውን ቀሰቀሷቸው።

“ወንድሜ፣ በርታ። ልጅህ ዐርፏል።”

ሽማግሌው በዙሪያቸው የቆመውን ሰው አዩ። የእኔን ፊት አዩ፤ ቀጥሎ ራሳቸው የጠቀለሉትን እግሬን አዩ። ከዚያ ደረታቸውን እየደቁ ልጃቸውን በስሙ ጠሩት። መጋዘኑ በሙሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለልጁ፣ ለራሴም።

በሩ ተበርግዶ ጠባቂዎቹ በዱላ ገቡብን። ዝም በሉ ይላሉ፤ ዝም ያለ የለም። ሽማግሌውን ራሳቸው የሚደቁት ደረታቸው ላይ መቷቸው። ቄሱ መሃል ሲገቡ ክንዳቸው ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ። አንድ ልጅ እግር እስረኛ ግንባሩ ተፈንክቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ልቅሶውን ግን አላቋረጠም። መርማሪው ደርሶ የሽማግሌውን አንገት በጫማው ረገጠ።

“ማነው የነገረህ?”

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

“ልጄ ራሱ ነው” አሉ ሽማግሌው፣ በደም መሃል። “በሕልሜ መጥቶ ነገረኝ።”

ሕልማቸውን እንዲክዱ ደበደቧቸው። በተመቱ ቁጥር ያንኑ ደገሙ። አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላዩም። ረፋዱ ላይ ልፈታ ስሜ ተጠርቶ ስወጣ ቄሱ በደህናው እጃቸው የሽማግሌውን ራስ ጭናቸው ላይ ይዘው ነበር።

አሁን የምንኖረው ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት ከሚሉት ሐይቅ አጠገብ ነው። እዚህ ያለው ማኅበረሰብ መርዶ ሲመጣ እኔን ይጠራኛል። ባለፈው ወር ከሳን ሆዜ ተደወለልኝ፤ ዩኒየን ሲቲ የምትኖር አንዲት ሴት ወንድሟ አገር ቤት ሞቶባታል። ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ላይ ነበረች። ወዳጆቿ ብሬክ ስትወጣ ኮል እናድርግላት አሉ። ተቆጣሁ። ሺፍቷን ጨርሳ፣ በልታ፣ ትተኛ፤ ማንም እንዳይደውል አልኩ። ንጋት ላይ ሰብሰብ ብለን ልንሄድ ተስማማን።

መኪናውን ልጄ ነዳችልኝ። ያኔ በእናቷ ሆድ የነበረችው ናት።

“ዳዲ፣ ዋይ ኖት ጀስት ቴክስት ኸር?” አለችኝ፤ ለምን በስልክ መልእክት ብቻ አንልክላትም ማለቷ ነው።

መንገዱን ሙሉ ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እንስሳው ከየትኛው ድንጋይ እንደወጣ፣ ጎርፍ እንዴት ደለል እንዳለበሰው ስነግራት ቶሎ ገባት። ያን ሁሉ ሚሊዮን ዓመት የቆየ እንስሳ የተጋደመበትን ቦታ ዓይኔን ጨፍኜ ማሳየት እችላለሁ። ስለዚያ ወጣት ግን የማውቀው ማዶ የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ይህ ያበሳጨኛል፣ ያሳፍረኛልም።

ከሴትዮዋ አፓርትመንት በር መኪናውን አቁማ ሞተሩን አጠፋች። አማርኛ ብዙ አትደፍርም።

“ልጁን አገኙት?” አለችኝ በአማርኛ።

“አላገኙትም” አልኳት። “አባቱ ግን አልቅሶለታል።”

ከዚያ ከኋላ ወንበር የእናቷን ነጠላ አንስታ ለበሰች፤ ሌሎቹ እስኪደርሱ ከእኔ ጋር ቆመች፤ ደረጃውን አብረን ወጣን።