አንድ ቁጥር የፈለጉት ሥራ አስኪያጅ

ሰሞኑን ልጄ ለቤታችን ኢንተርኔት ስታስገባ፣ «እማዬ፣ የጌትዌዩን ቁጥር እየሞላሁ ነው፤ ኮምፒውተሩን እንዳትነኪው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ የድሮ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ አንድ ቡና ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ይህችኑ ልጅ የማጠባ የሃያ ዓመት ሴት። ክረምት ስለነበር ጭቃው በሰው ጫማ ይገባል፤ ስወለውል እውላለሁ።

ቶላ የሚባል ባለሙያ አራቱን ኮምፒውተሮች በሽቦ አያያዘ። ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን እያሳየ፣ «ዲፎልት ጌትዌይ ማለት እሷ ናት፤ ሁሉም ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በእሷ በኩል ነው» አለና የሳጥኗን ቁጥር በየማሽኑ ሞላ። ለየማሽኑም የራሱን ቁጥር ሰጥቶ በወረቀት ለጠፈበት።

ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱ መጥፋት ጀመረ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሂሩት፣ «ይቺ ናት በመወልወያዋ ሽቦውን የምታላቅቀው!» አለች። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ተካም፣ «ነገ ከጠፋ ወደ ቤትሽ!» አሉኝ። ልጄን የማሳድግበት ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ፈሪ ስለሆንኩ ሁሉን አያለሁ። ጋሽ ተካ ቡና ሊያዩ አጋሮ በሄዱ ቀን ኢንተርኔቱ ደህና ይውላል። የተጠበሰ በቆሎ ይዘው ይመለሳሉ፣ ለሁሉም ያድላሉ፣ ለእኔ ቆረቆንዳውን መልቀም ይደርሰኛል። ከዚያ ማሽናቸውን ሲከፍቱ ኢንተርኔቱ ጥፍት!

ከዛቻቸው በማግስቱ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ቶላ ተጠራ፤ ጋሽ ተካ በጣታቸው ወደ እኔ እያመለከቱ ጮኹ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲገቡ ነው የሚጠፋው» አልኩ።

«እኔ ጋኔን ነኝ?»

«ኧረ ማሎ፣ እባክሽ ዝም በይ!» አለኝ ቶላ።

ዝም አላልኩም። «ሳጥኗን ሳብስ ጎኗ ላይ ያለውን ቁጥር አይቻለሁ። የሚያልቀው በአንድ ነው። የጋሼም ማሽን ላይ የተለጠፈው ያው ነው። ሁለት ሰው በአንድ ስም ሲጠራ የትኛው ነው አቤት የሚለው?»

ቶላ አንገቱን ደፋ። «እንደሚጋጭ ነግሬዎት ነበር፤ ‹አለቃ ሆኜ ሁለተኛ ቁጥር አልይዝም› ብለው ሲቆጡኝ ፈራሁ» አለ።

የጋሽ ተካን ቁጥር ወደ አምስት ለወጠው፤ ኢንተርኔቱ ወዲያው መጣ። ይቅርታ ያለኝ የለም። ሂሩት፣ «ወለሉ አልደረቀም» አለችኝ።

ዛሬ ቶላ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለው። ሲያየኝ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ስለ ልጄ ይጠይቃል። ጋሽ ተካን ነገሩ አልገባቸው ይሆናል ብዬ ትቻቸዋለሁ። ቶላ ግን ያውቅ ነበር፤ እያወቀ እንጀራዬ ሊቆረጥ ሲል ዝም አለ። ሰላምታውን እመልስለታለሁ። እጁን ሲዘረጋልኝ ግን እስከ ዛሬ ጨብጬው አላውቅም።