የዘሪሁን እጅ ያረፈበት ድንጋይ

ዓርብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

ከኦታዋ ወደ ቶሮንቶ በሚሄደው አውቶቡስ ከመስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ለደርሶ መልስ መቶ አሥር ዶላር ያህል ከፍያለሁ፤ የያዝኩት አንዲት ትንሽ ቦርሳ ነው። የጉዞዬ ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። ወዳጄ ዘሪሁን ባለፈው ሚያዝያ አርፏል፤ መስከረም ሊያልቅ ነው፣ መቃብሩ ላይ ግን እስካሁን ድንጋይ አልቆመም። ለአሥራ አንድ ዓመት የሠራበት የስካርቦሮው የመቃብር ድንጋይ መጥረቢያ ግቢ ደግሞ በዚህ ወር ይዘጋል። የግቢው ባለቤት ዴንማርካዊው ሽማግሌ ሚስተር ሆልገር ለዘሪሁን ሚስት ለአስቴር፣ «ባልሽ የጠረበው የትኛው እንደሆነ ከለያችሁ ለመቃብሩ ያለ ክፍያ ውሰዱት» ብለዋታል።

አስቴር ባሏ ሲጠርብ አንድም ቀን አላየችም፤ እሱ መዶሻ በሚያነሣበት ሰዓት እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሺፍት ላይ ናት። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በፈረንጆች 2004፣ ለአንድ ሰዓት ያህል።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ እርስዎ ካልለዩት ማንም አይለየውም» አለችኝ ኮል አድርጋ።

እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው እሺ ያልኩበትን ነገር የመረመርኩት። ከዚያች አንድ ሰዓት በእጄ የቀረው ጥቂት ነው። ዘሪሁን በነጭ አቧራ ተሸፍኖ በአንድ ክብ እብነ በረድ ላይ አጎንብሷል። በድንጋዩ ላይ ክንፍ ያላት ሴት ሁለት ሕፃናት አቅፋ ትበራለች፤ ሕፃናቱ ተኝተዋል፤ ከኋላዋ አንዲት የጉጉት ወፍ አለች። ከሕፃናቱ የአንደኛው እግር ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። ዘሪሁን በመሮው ጫፍ ጣቶቹን እያሳየኝ «ሊዲያም ስትተኛ እንዲህ ነው የምታጥፋቸው» አለኝ። ሊዲያ ልጁ ናት። ይህን በእርግጥ ማለቱን አምናለሁ። ጣቶቹን ከልጁ አይቶ መጨመሩን ግን እሱ ነግሮኝ ይሁን ወይስ እኔ ጨምሬበት፣ አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ኪንግስተን ላይ ሃያ ደቂቃ ቆምን። ሻይና አንድ ሙፊን በአምስት ዶላር ገዛሁ። መንገዱ ድንጋዩን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቦታ፣ ግራና ቀኝ የተቆረጠው ዐለት ሮዝና ግራጫ ሆኖ ይታያል። ሌላ ጊዜ ሳልፍ ያላየሁት ነገር ነው።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ከአውቶቡስ ጣቢያው በሦስት ዶላር ሰብዌይ ይዤ ቪክቶሪያ ፓርክ ወረድኩ። ከባቡር ጣቢያው አስቴር ወደምትኖርበት ወደ ክሬሰንት ታውን በእግረኛ ድልድይ ይገባል። ሕንፃዎቹ አንዱ ሌላውን ስለሚመስሉ የጥበቃ ሠራተኛ ጠይቄ ነው የአስቴርን በር ያገኘሁት፤ አሥራ አራተኛ ፎቅ።

አስቴር ከሥራ ልብሷ ሳትወጣ ነው የተቀበለችኝ። ከስታለች። ፓስታ በቃሪያና በቱና ሠርታ አቀረበች፤ «ለእንግዳ የሚሆን አይደለም፣ ይቅር ይበሉኝ» እያለች። ሊዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ትማራለች። ሰላምታ ሰጥታኝ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠች።

«የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሰምተው መጥተው ነበር» አለች አስቴር። «‹እህታችን፣ ክንፍ ያላት ሴት? በአማኝ መቃብር ላይ ምስል?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«የባሌ ጉልበት ነው እንጂ ምስል አይደለም አልኳቸው። ደግሞ ክንፍ የሌለው መልአክ ያያችሁ ካላችሁ አምጡልኝ አልኩ። ሳቁና ጸልየው ሄዱ።» እሷም ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ ሹካዋን አስቀመጠች። «ጋሽ ሙሉጌታ፣ ሁለት ሰው የሚተኛበት አልጋ ላይ ብቻዬን ነኝ። ኮቱን ለሰው ሰጠሁ። መኪናውን ሊዲያ ወሰደች። በእጁ የሠራው አንድ ነገር እንኳ ቤት ውስጥ የለኝም፤ ሁሉም የሰው መቃብር ላይ ነው። ይህችን አንዷን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት

በሊዲያ መኪና ወደ ስካርቦሮ ሄድን። ግቢው ከአንድ ሰፊ የመቃብር ስፍራ ጀርባ፣ በጎማ ጠጋኝና በምንጣፍ መጋዘን መካከል ነው። የሜፕል ቅጠል በአጥሩ ሥር ተከምሯል፤ ዝይዎች በረድፍ በተደረደሩት ድንጋዮች መካከል እንደ ገዢ ይመላለሳሉ።

ሚስተር ሆልገር ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት። በቢሯቸው ግድግዳ ላይ ፎቶግራፎች ተለጥፈዋል። እየዳበሱ ከግራ ወደ ቀኝ አስረዱኝ። መጀመሪያ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት በአገራቸው ገጠር ቤተ ክርስቲያኖች የተጠረቡ የጥምቀት ገንዳዎች፤ አንበሳ አይተው የማያውቁ ሰዎች በግራኒት ላይ የጠረቧቸው አንበሶች። ቀጥሎ በወጣትነቱ ሮም ሄዶ ሽማግሌ ሆኖ የተመለሰው ታላቁ ቀራጺ፤ እጆቹን የዘረጋው የክርስቶስ ሐውልቱ ቅጂ ዛሬ በብዙ አገር መቃብሮች ላይ ይቆማል። ከዚያ ፈረሶችን በሴንቲ ሜትር እየለካች የንጉሥ ሐውልት የሠራች ሴት፤ በወደቡ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው የነሐስ ልጃገረድ፤ መጨረሻ ላይ ብረት በብረት የበየዱት የእሳቸው ዘመን ሰዎች።

«አገሬ እብነ በረድ የላትም» አሉ እየሳቁ። «ያለን ቅቤና ዝናብ ነው። ለዚህ ነው ቀራጺዎቻችን ጣሊያን የሚሰደዱት። እኔ ግን ተሳስቼ ስካርቦሮ ወረድኩ።»

ክቧ ቅርጽ የዚያ የሮሙ ቀራጺ ናት። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በአንድ ቀን በጭቃ ሠራት ይባላል። «በጭቃ አንድ ቀን» አሉ ሚስተር ሆልገር፣ «በእብነ በረድ ግን ወራት ነው። እነዚያን ወራት የጠረቡት ረዳቶቹ ናቸው። ስማቸውን ማን ያውቃል? እኔም ያንኑ ነው ያደረግሁት። ከዋናዋ በጄሶ የተወሰደ ሞዴል አለን፤ ጄሶው ላይ ነጥብ እየለካን ወደ ድንጋይ እናሻግራለን። አንዱ ክንፉን፣ አንዱ ፊቱን ይይዛል። አራት ሠራተኞች ነበሩኝ፤ ድንጋዩ ላይ ማንንም አላስፈረምኩም። አሁን ያሳፍረኛል።»

«ዘሪሁን ግን አንዷን ብቻውን ጨርሷል» አለች አስቴር። «እሱ ራሱ ነግሮኛል።»

«ጨርሷል። የትኛዋ እንደሆነች ግን ዓይኔ አይነግረኝም።»

ሦስት ቅጂዎች ነበሩ፤ በመጋዘኑ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አስቴር ከኋላዬ ቆመች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ሊዲያ በር ላይ ቀረች። የመጀመሪያዋን አየሁ፤ የሕፃኑ እግር በቅጠል ጭቃ ተሸፍኗል። ሁለተኛዋ ከጫፍ ተሰብራለች፤ እግሩም ከስብራቱ ጋር ሄዷል። ሦስተኛዋ ዘንድ ተንበርክኬ አቧራውን በመሐረብ ጠረግሁ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል።

የሆነውን በትክክል መጻፍ አለብኝ። ያን ጊዜ አልዋሸሁም። ጣቶቹን ሳይ ዘሪሁን መጣ፤ ድምፁ፣ ከቅንድቡ ላይ ያለው አቧራ፣ መሮው ሁሉ መጣ። ጥርጣሬዬ ጥሎኝ ሄደ። ተነሥቼ «ይህቺ ናት» አልኩ።

አስቴር ቦርሳዋን መሬት ላይ አኖረች። ጎንበስ ብላ መዳፏን በሴትዮዋ ክንፍ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ በሕፃናቱ ጀርባ፣ ከዚያ በእግሩ ላይ። አላለቀሰችም። «ቀዝቃዛ ነው» ብቻ አለች፣ እጇን ሳታነሣ። ሚስተር ሆልገር ኮፍያቸውን አወለቁ።

እሑድ፣ ጠዋት አራት ሰዓት

አስቴር ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ መተኛቷን ጠዋት ነግራኛለች። ሊዲያ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ወሰደችኝ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

«አንክል፣ አንድ ነገር ልንገርህ... ልንገርዎት? ሶሪ፣ አንቱታው ይጠፋብኛል።»

«እንደ ቀናሽ ንገሪኝ።»

«የአባዬ እዚያ የለችም። ተሸጣለች። ሃሚልተን ያሉ ሰዎች ገዝተዋታል። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ትራክ ላይ ሲጭኗት አብሬው ነበርኩ። ሳጥኑን እንደ ፈረስ መታ መታ አድርጎ ‹ደህና ግቢ› አላት።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው ሰው ጡሩምባ ነፋ።

«ጣቶቹስ?» አልኩ።

«ጣቶቹ ጄሶው ላይ ናቸው፣ አንክል። ሁሉም ድንጋይ ላይ እንደዚያ ነው። ያቺ ጭቃ ያለባትም ብትጠረግ ያው ናት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማሚ የአባዬ እዚያ ያለች መስሏት ነበር፤ እንዴት እንደምነግራት አላወቅሁም። ከዚያ እጇን ስታሳርፍ አየኋት።» መሪውን አጥብቃ ያዘች። «ዩ ቴል ኸር። ወይም አይንገሯት። እኔ አልችልም።»

እሑድ፣ ማምሻውን፤ ኦታዋ

በመልሱ መንገድ ሁሉ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነበረውን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። አልሆነም። ዘሪሁን ያጎነበሰበት ድንጋይ አሁን እኔ የጠቆምኩት ድንጋይ ሆኗል፤ ከሥሩም የኔ መሐረብ አለ። የቀድሞውን ትዝታ አዲሱ በልቶታል። ቤቴ ስደርስ ቦርሳዬን ሳልፈታ ይህን ጻፍኩ፤ ከዚህ ጉዞ የተማርኩትም ይኸው ነው። ትዝታዬን የምጠራጠር ሰው ነኝ ብዬ እታበይ ነበር፤ የወደድኩት ትዝታ ሲመጣ ግን የሚጠራጠረውን ሰው በሩ ላይ አቁሜው ገባሁ።

ሐሙስ

አስቴር ከሥራ ቦታ ኮል አደረገችኝ። ድንጋዩ በሚቀጥለው ሳምንት ይተከላል። «ከሥሩ የሚቀረጸውን እርስዎ ይጻፉልኝ፤ የተማሩ ነዎት። ‹በገዛ እጁ የጠረበው› የሚል ይኑርበት።»

አንድ ሰዓት እንድትሰጠኝ ለመንኳት። መልሼ ስደውል አነበብኩላት። ዘሪሁን፤ ድንጋይ ጠራቢ፤ የአስቴር ባል፣ የሊዲያ አባት።

ከስልኩ ማዶ አንዲት አሮጊት በእንግሊዝኛ ውሃ ትለምናለች።

«በገዛ እጁ የሚለውን ረሱት።»

«አልረሳሁትም፣ አስቴርዬ። እርግጠኛ ነኝ ያልኩሽ ነገር ልክ አልነበረም። ተሳስቻለሁ። እሱ የጠረባት ተሸጣለች።»

የውሃ ድምፅ ሰማሁ፤ ለአሮጊቷ እየቀዳችላት ነው። «ስሎውሊ፣ ማማ፣ ስሎውሊ» አለቻት። ተመልሳ ስትናገር ድምጿ ዝቅ ብሏል።

«ሲታመም ዶክተሩ ሳንባው ውስጥ ያለው የዚያ ግቢ አቧራ ነው ብሎን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የማንን ድንጋይ እየተነፈሰ እንደኖረ ማን ይለየዋል፣ ጋሽ ሙሉጌታ? ያቺ እጄን ያሳረፍኩባትም ሳንባው ውስጥ አለች።» ብርጭቆ ስታኖር ሰማሁ። «እወስዳታለሁ። ጽሑፉም እንዳነበቡት ይሁን።»