ስንዱ በፈንታው ቤት አራስ የተኛችበት ግንቦት

ስንዱን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቃት በአንድ ነገር ነው፤ ይቅር አትልም። ታች ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ባለችው ቀበሌዋ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ያልለመናት ሽማግሌ የለም። እሷም፣ «ድንጋዩን እዚያ አስቀምጡት፣ አጥሬ ፈርሷል» ትላቸዋለች እንጂ አትታረቅም።

እንዲህ ያደረጋት የሰባ ሰባቱ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ባሏ ካሴ የእርዳታ እህል ሊቀበል ሄዶ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሦስት ሌሊት አድሮ ሲመለስ ተስቦ ይዞ መጣ። በረሃቡ ላይ ተስቦ ተጨምሮ ቀባሪ የጠፋበት ዓመት ነበር። ካሴ አሥራ አራት ቀን ቃዠ፤ በአሥራ አምስተኛው ላብ አጠመቀውና ተነሳ።

እሱ ሲቃዥ ታዲያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ፈንታው፣ የነፍስ አባታቸውን አባ ገብረ መድኅንን ይዞ ደጃፋቸው ላይ ቆመ። ፈንታው በስብሰባ ሃይማኖትን ሲያጣጥል የሚውል ሰው ነበር፤ ግን ሕዝቡ ከጠመንጃው ይልቅ ግዝትን እንደሚፈራ አሳምሮ ያውቃል። አባም መስቀላቸውን አንስተው፣ «ከዚህ ቤት እሳት የጫረ፣ ውሃ የጠጣ፣ እግሩን ያስገባ የተወገዘ ይሁን! ከዚህ ቤት የወጣ ሰው የገባበት ቤትም እንዲሁ ግዝት ይሁን!» ብለው ገዘቱ።

በሳምንቱ አባ ለወንድማቸው ተዝካር እዚያው ጋይንት ወዳለው ወደ ቤተ ልሔም ደብር ሄዱ፤ እግራቸውን አሟቸው እዚያው ቀሩ። ግዝትን የሚፈታው ደግሞ የገዘተው ካህን ነው። ካሴ ከበሽታው ዳነ፤ ግዝቱ ግን ቤታቸው ላይ እንደተኛ ቀረ። ጎረቤት ውሃና ቆሎ ከሩቅ አስቀምጦ ይሸሻል። ፋሲካ መጣ፤ ከማዶ እልልታው ይሰማል፣ እነሱን «እንኳን አደረሳችሁ» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

የካሴ ሰውነት ዳነ እንጂ አሳቡ አልዳነም። ራሱን ተላጨ፤ ልብሱን በአመድ ውሃ እየቀቀለ እስኪበጣጠስ አጠበው። መኝታውን ከጥጃው አጠገብ አደረገ፤ እንቅልፍ ግን ባይኑ አልዞረም።

«ካሴ፣ ና እስቲ፣ እየተራገጠ ነው። እጅህን አምጣ» ትለዋለች።

«አልነካሽም። ተስቦው እጄ ላይ ነው፣ ይታየኛል። ይኼኛውንም ልግደልብሽ?»

ጧት ወጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቀመጣል። እሷም ሆዷን ይዛ ትከተለውና ከኋላው ትቀመጣለች፤ የነጠላውን ጫፍ ጨብጣ። እሷስ ብትሆን መቼ ሰላም ነበራት? ምጧ ሲመጣ እትብት የሚቆርጥላት እንደሌለ እያሰበች ታለቅስ ነበር። የቀበሌው አዋላጅ የፈንታው ሚስት ዓለምጸሐይ ናት።

አንድ ቀን ፈንታው በበቅሎ ሲያልፍ ከአጥሯ ውስጥ ሆና ጠራችው።

«ጓድ ሊቀመንበር! ባሌ ከዳነ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ግዝቱን ያስፈቱልኝ፣ በእመቤታችን!»

«የገዘቱት አባ ናቸው፣ እሳቸው ይፍቱት።»

«ታዲያ ይላኩባቸዋ!»

«እኔ የአብዮት ሰው ነኝ፣ ከቄስ ጉዳይ ምን አገባኝ?»

«ሲያስገዝቱ ጊዜ አብዮቱ የት ሄዶ ነበር?»

ፈንታው ሳቀ። «ምላስሽን ተስቦ አልነካውም አንቺ! በይ እዚያው ውለጂ፤ ላሟም ብቻዋን ትወልዳለች» ብሎ በቅሎውን ኮለኮለ።

እንባዋ የደረቀው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ስንዱ ስትፈጭም ስትተኛም የግዝቱን ቃል ስትደጋግም ሰነበተች። «ከዚህ ቤት የወጣ ሰው የገባበት ቤትም።» ይኼን ለምን ቀድማ አላሰበችውም!

በግንቦት አጋማሽ፣ ረፋድ ላይ፣ ምጥ ጀመራት። ለካሴ አልነገረችውም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ ምጡ ሲመጣ ድንጋይ ተደግፋ፣ ሲለቃት እየሄደች ቁልቁል ወረደች። ያዩዋት ሴቶች አማተቡ፣ መንገድ ለቀቁላት። ፈንታው ደጁ ላይ ከሰዎች ጋር ተቀምጦ ነበር።

«ተመለሽ! ተመለሽ ብያለሁ!»

ስንዱ የበሩን መድረክ ተሻገረች። «ይኸው ገባሁ። አንተም እንደኔ ተገዘትክ» አለችው። «እርስዎ» ማለቱን ከዚያ ቀን ወዲያ ትታዋለች።

ዓለምጸሐይ ጮኸች፣ ደረቷን መታች፤ ግን የአዋላጅ እጅ ምጥ እያየ አይቀመጥምና ደግፋ አስተኛቻት። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች።

ደጅ የነበሩት ሰዎች ግን በድንጋጤ ተበትነው ነበር። ፈንታው በማግሥቱ ስብሰባ ቢጠራ የመጣ የለም፤ ሰላም ቢል አጸፋ የሚመልስ የለም። ሁለት ቀን እንኳ አልቻለም። ያ የአብዮት ሰው በቅሎውን ጭኖ ወደ ቤተ ልሔም ገሰገሰ፤ በአራተኛው ቀን አባን በቅሎው ላይ አስቀምጦ፣ ራሱ በእግሩ እየጎተተ መጣ። ካህን አራስ ቤት አይገባምና አባ ከአጥሩ ውጭ ቆመው የሁለቱንም ቤት ግዝት ፈቱ።

ፈንታው ላቡን እየጠረገ ገባ። «በይ እንግዲህ፣ ተፈቷል። ቤትሽ ሂጂ።»

«ሴት እኮ ናት የወለድኩት። ሰማንያ ቀን አለኝ።»

«ሰማንያ?»

«አራስ ልታስወጣ ነው? አባ ገና ደጅ ናቸው፣ ልጥራቸው እንዴ? ዓለምጸሐይ እቴ፣ ገንፎው ላይ ቅቤውን ጨምሪ፤ የሊቀመንበር ቤት መሆኑን ልወቀው!»

ካሴ ከአባ ኋላ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እጆቹን ከነጠላው ውስጥ ደብቆ።

«ግባ» አለችው።

«ብበክላትስ?»

«አራት ቀን ሙሉ የኔን ጡት ጠብታለች፣ ምንም አልሆነች። ከዚያ በላይ የበከልክ እንደሆነም የምትበክለው የፈንታውን ቤት ነው!»

ካሴ ሳቀ። ከታመመበት ከየካቲት ወዲህ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ገብቶ በአንዲት ጣቱ የልጅቱን ተረከዝ ነካ፤ እጁን ቶሎ ሰብስቦ አየው፣ እንደገና ነካት። ከዚያ የፈንታው መደብ ላይ፣ የፈንታው አጎዛ ላይ ጎኑን አሳረፈና በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ጣለው።

«እኔስ የት ልተኛ ነው?» ብሎ ፈንታው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ዝም በል» አለችው ስንዱ፣ ልጇን ወደ ጡቷ እያስጠጋች። «ባሌ ተኝቷል።»