አሥረኛው ሸክላ

ባለፈው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ወንበር ስናነሳ አንዲት ወጣት እናት እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ሰላም ትባላለች። ዊንጌት አካባቢ የሰው ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፤ ከተጠመቀች ገና ዓመቷ ነው።

"እትዬ ወርቄ፣ አሥራቴን ከከፈልኩ የልጆቹ እራት ይጎድላል። ካልከፈልኩ ደግሞ ቤተ መቅደስ አልገባም። ምን ላድርግ?"

የሴቶቹ ኃላፊ ስለሆንኩ መልስ ይኖረኛል ብላ ነው። "እስቲ ላስብበት" አልኳት። ወደ ቀጨኔ ዳገቱን ስወጣ ግን የማስበው ስለ እሷ አልነበረም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ያለፈው አንድ ክረምት ነበር የመጣብኝ።

ሰው ሞርሞን የሚለን እኛ ያኔ በጣም ጥቂት ነበርን፤ የምንሰበሰበውም በኪራይ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። እናቴ አስካለ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ በጭቃ ነው ያሳደገችኝ። ወደዚህ እምነት የሳባት አንድ ትምህርት ነው፤ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከተሳሰሩ ሞትም አይለያቸውም የሚል። ይህን የሰማች ቀን ማታ የአባቴን ጋቢ ከሳጥን አውጥታ አየችው።

ቤተ መቅደሱ ግን ደቡብ አፍሪካ ነበር። ለጉዞው ቤተ ክርስቲያን ታግዛለች፤ ለመግባት ግን የጉባኤው መሪ ፊት ተቀምጦ መጠየቅና የብቁነት ወረቀት መቀበል ያስፈልጋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ "ሙሉ አሥራት ትከፍላለህ ወይ?" የሚል ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ አሥር መቁጠር ግን ትችላለች። ከእሳት ከወጡት አሥር ሸክላዎች አንዱን መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣለች። የተንሻፈፈውን አይደለም። በጥፍሯ ኳ እያደረገች ድምፁ ጥርት ያለውን ትመርጣለች። ጎረቤቶች "ቡና የማትጠጣ ጀበና ሠሪ" እያሉ ይስቁባት ነበር፤ እምነታችን ቡና ስለሚከለክል ከተጠመቀች ወዲህ በአፏ አልዞረምና። እሷም አብራ ትስቃለች። መሪያችን ወንድም ግርማ በሥራ ቀን ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ ሸክላዎቹን ሚስቱ ሸጣ ገንዘቡን በእናቴ ስም ታስገባለች።

የዚያን ዓመት ክረምት አልተቻለም። ጭቃው አይደርቅም፤ ሳይደርቅ እሳት የገባው ደግሞ ይፈነዳል። እናቴን ደረቷን አመማትና ተኛች። ሦስት ቀን ጎመን በጨው ቀቅለን በላን። መደርደሪያው ላይ ሦስት ሸክላ ተቀምጧል።

"እማዬ፣ እነዚህን ልሽጣቸው?"

"የሰው ንብረት ይሸጣል እንዴ?"

"ለወንድም ግርማ ልንገረውና ይርዱን እንግዲያ።"

"ከኔ የባሰባቸው አሉ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ተኝታ ሳለች ሸክላዎቹን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሽሮ ሜዳ ወሰድኳቸው። አንዲት ነጋዴ ብዙም ሳትከራከር ገዛቻቸው። የገብስ ዱቄት፣ ትንሽ ቅቤና የሳል መድኃኒት ይዤ ተመለስኩና ገንፎ አገነፋሁ።

"ይሄ ከየት መጣ?" አለች ቀና ብላ።

"ለሸማኔዎቹ ጋቢ ቋጭቼላቸው ነው።"

"ሸክላዎቹስ?"

"ወንድም ግርማ ቤት አደረስኳቸው።"

ፊቷ በራ። በላች። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ኀፍረት የሚባል ነገር አልተሰማኝም፤ እኔም ርቦኝ ነበር። ድስቱን በጣቴ ጠርጌ ላስኩ።

እናቴ ዳነች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወንድም ግርማ በጥቅምት የሚሄድ ቡድን እንዳለ ነግሮ ለጥያቄ ጠራን። እናቴ ቀድማ ገባች፤ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ከዚያ የኔ ተራ ሆነ።

"ሙሉ አሥራት ትከፍያለሽ?"

"አዎ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ከበሩ ወዲያ እናቴ ከሰው ጋር ስትሳሳቅ ይሰማኛል። ሁሉንም ነገርኩት።

ወንድም ግርማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ "ከዚያ በፊት ምን ትበሉ ነበር?" አለኝ።

"ጎመን።"

ግራሶ የገባባቸውን ጣቶቹን አየ። "እህት አስካለን ስለ አሥራት ስንት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። ምን በልተው እንደዋሉ ግን አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም" አለ። ቀጥሎ "ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያቸው" ብሎ አሰናበተኝ።

ዳገቱ መሃል ላይ ነገርኳት። ቆመች።

"ገንፎውን... እኔ ነኝ የበላሁት?"

"አዎ፣ እማዬ።"

አልመታችኝም። ብትመታኝ በተሻለኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ጥላኝ ሄደች።

በማግስቱ ወረቀቱን ልትመልስ ስትሄድ ተከተልኳት።

"እህት አስካለ፣ እርስዎ እኮ አላወቁም" አላት ወንድም ግርማ። "አይቆጠርብዎትም።"

"ያን ጊዜ አላወቅሁም። አሁን አወቅሁ።"

"እንግዲያው የሦስቱን ዋጋ እኔ ልተካ።"

"ታዲያ ስጦታው የማን ሊሆን ነው?"

ተነስቶ ግማሽ ኩንታል ዱቄት አመጣ። እምቢ አለች። "ይሄ ጾመን ከምሳችን ያዋጣነው ነው" አላት፤ "እርስዎም አዋጥተዋል። ሌላው ሲቀበል እሺ፣ እርስዎ ሲሆኑ ነውር የሚሆነው ለምንድን ነው?" ያኔ ተቀበለችው።

ቡድኑ ያለ እኛ ሄደ። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስትበረታ ጭቃ አቦካን፤ እኔ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸከምኩ። ከሥራ ቃል ሌላ አታናግረኝም ነበር። ሸክላው ከእሳት ወጥቶ በበረደ ጊዜ አንዱን አንስታ ጆሮዬ ሥር ኳ አደረገችውና "ስሚ" አለችኝ። ይቅርታዋ ያ ነበር። ለሸጥኳቸው ምትክ የሚሆኑትን ሦስቱንም ራሷ ተሸክማ አደረሰች።

በዓመቱ ሁለታችንም ሄድን። ነጭ ልብስ ለብሰን ተንበረከክን፤ ለሞተ ሰው ሌላ ይቆምለታልና በአባቴ ፋንታ አንድ የማናውቀው ሰው ተንበረከከ። በጭቃ የተሰነጣጠቀው የእናቴ እጅ ከእጄ በላይ ነበር። ስንወጣ "አባትሽ በዚህ ልብስ ቢያየኝ በሳቅ ይሞት ነበር" አለችኝ፤ እያለቀሰች።

እናቴ ካረፈች ቆየች። እግዚአብሔር እነዚያን ሦስት ሸክላዎች ፈልጓቸው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የታመመች ሴት ጎመን እየበላች አሥረኛውን እንድታስቀምጥ ማድረግ ትክክል ነው ብዬም አልከራከርም። ግን ድሃ መስጠት ያምረዋል። እኔ የወሰድኩባት ይህንን ነበር።

ማክሰኞ ሰላም ቤት ሄጄ ይህን ሁሉ አጫወትኳት። ልብስ እያሰጣች ሰማችኝ።

"ዱቄቱን በመግዛትዎ ይጸጽትዎታል?" አለች።

"አይጸጽተኝም። ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ" አልኳት። "ግን መጀመሪያ እናቴን ቀስቅሼ እነግራታለሁ።"