አንገቴን የቆረጠው ኮምፒውተር

ዕድሜዬ ገፍቷልና ቀኑን ወይም ሰዓቱን ልሳሳት እችላለሁ፤ ነገሩን ግን አልረሳሁትም። ልጄ የእኔን ፎቶ በቤታችን ኮምፒውተር ስክሪን ላይ አድርጋልኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስከፍተው ከአንገቴ በላይ የለም፤ ከረባቴ ብቻ በሰፊው ተዘርግቷል። ደግ ምልክት አልመሰለኝምና ፈራሁ።

በባጃጅ ጭኜ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለ ኮምፒውተር ቤት ወሰድኩት። ባለሙያዋ፣ “አባባ፣ ፎቶው ከስክሪኑ ጋር ስላልተመጣጠነ ነው፤ ይስተካከላል” አለችኝ። ትቼላት ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት የእድራችን ሰዎች ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ይተክላሉ። ፎቶዬ በትልቅ ባነር ታትሞ አጥሬ ላይ ተሰቅሏል፤ ጭንቅላቴም አለ። የእድሩ ሊቀመንበር ሲያየኝ መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

ለካ ኮምፒውተር ቤቱ የለቅሶ ባነርም ያትማል። የባለሙያዋ ባልደረባ እድርተኛችን ነው፤ ልታስተካክለው ሙሉውን የከፈተችውን የእኔን የሽማግሌውን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ሲያይ፣ እንደለመደው ለለቅሶ የመጣ መስሎት አትሞ ለእድሩ አደረሰ።

“አንድ ሰው እንኳ አንኳኩቶ አይጠይቅም?” ብዬ ተቆጣሁ።

“ጋሼ፣ ለቅሶ ቤት ሄዶ ‘እውነት ሞቷል?’ ይባላል እንዴ?” አለኝ ሊቀመንበሩ።

ኮምፒውተሩ ተመለሰልኝ፤ ስክሪኑ ላይ አሁንም ከአንገቴ በላይ የለም።

ስለ ባነሩ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ባለፈው የእድር ስብሰባ ዕለት ነው። እንዲያቃጥሉልኝ ለመንኳቸው። ሊቀመንበሩ ግን፣ “ከድንኳኑ ጋር ጠቅልለን አስቀምጠነዋል፤ በጣም አምሮብዎታል፣ ሌላ ፎቶ አያስፈልግዎትም” አለኝ።