እናቴ በእኔ እግር የተሳለችው ስለት

የራሰ ጋቢ በሸተተኝ ቁጥር፣ በጃንሆይ ጊዜ ደብረ ሊባኖስ የሄድንበት ክረምት ይመጣብኛል። በሕፃንነቴ ቆሜ መሄድ አቅቶኝ፣ የኮልፌ ጎረቤት ሁሉ ከንፈሩን ሲመጥልኝ፣ እናቴ «አባቴ ተክለ ሃይማኖት፣ እግሯን ካጸናህልኝ በገዛ እግሯ ደጅህ ትመጣለች» ብላ ተሳለች። እኔን ያማከረኝ አልነበረም።

እግሬ ጸንቶ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ በጋውን ስሮጥና ጉልበቴን ስልጥ ከርሜ፣ የነሐሴው ክብረ በዓል ሲቃረብ ከአባቴና ከእናቴ ጋር በሶ ቋጥረን ወጣን። እናቴ ገና ከደጃችን ሳንርቅ «ማንም እንዳያዝላት! አንዴ ከታዘለች ስለቱ ፈረሰ» አለች። አባቴ አዲስ የቆዳ ጫማውን ተጫምቶ «እኔ ወታደር የነበርኩ ሰው፣ መንገድ አትንገሩኝ» ይል ነበር።

ሱሉልታን አልፈን አንድ ጅረት ሞልቶ ቢጠብቀን፣ አባቴ ብድግ አድርጎ አሻገረኝ። ወዲህ ማዶ የቀረችው እናቴ ጮኸች፦

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግህ? መልሳት!»

«ውሃ እኮ ነው! ውሃ ከመንገድ ይቆጠራል እንዴ?»

«እሱን ጻድቁ ያውቃል። አንተ መልሳት!»

መለሰኝና፣ ግራና ቀኝ እጄን ይዘውኝ፣ እስከ ወገቤ እየራስኩ እንደገና ተሻገርኩ።

በማግስቱ ጫማው የአባቴን ተረከዝ ላጠው። አንድ የጭነት መኪና ሲቆምልን «እዚያው እጠብቃችኋለሁ» ብሎ ጆንያ ላይ ወጣና እጁን እያወዛወዘ ሄደ። እኔ ጭቃው ላይ ዘፍ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ፊት ፊት እየሄደች ነበር፤ «እማዬ!» ብዬ ብጣራ፣ ዞር እንኳ ሳትል «እኔን ምን ትጠሪኛለሽ? ጻድቁን ጥሪ!» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ጸሎት አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ እልህ ነው። ወታደሩ በመኪና፣ እኔ በጭቃ! ተነሣሁና፣ አባቴን በሆዴ እየተሳደብኩ፣ ስድቡ ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው እየደገምኩ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ገዳሙ ደጅ ደረስኩ። አባቴ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ዳቦ እየበላ ነበር። እናቴ ግን ተንበርክካ ጭቃ የለበሰ እግሬን እየሳመች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

መስከረም ሲጠባ አባቴ ጉዞውን ለጎረቤት እየደጋገመ ያወራ ነበር፤ መኪናው ግን ከወሬው ውስጥ ጠፍቷል።

ዛሬ ከኮልፌ በጠዋት አውቶቡስ የተሳፈረ፣ ተሳልሞ ለራት ቤቱ ይመለሳል። ያኔ እናቴ ዞር ብላ አለማየቷ ጭካኔ መስሎኝ፣ ለዓመታት አኩርፌባት ነበር። የገዛ ልጄ መራመድ ስትጀምር፣ በወደቀች ቁጥር እየሮጥኩ ሳነሣት ነው የገባኝ። እናቴ አንዴ ዞር ብላ ብታየኝ ኖሮ፣ ታዝለኝ ነበር።