የአባቴ መነጽር ግራና ቀኝ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ በታናሽ እህቴ በምሕረት ሠርግ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የባጃጅ ሹፌር "በቀኝ ነው በግራ?" ብሎ ሲጠይቀኝ አፌን ከመክፈቴ በፊት እጆቼን አያለሁ። ሹፌሮቹ ምክንያቱን አያውቁም። ቤተሰቤ ግን ያውቃል፤ እስካሁንም ይስቅብኛል።

እኔ የምሠራው ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ነው። አባቴና እናቴ የሚኖሩት አረካ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ከሠርጉ አራት ዓመት በፊት ባሕር ዛፍ ሲፈልጥ ስንጥር ተፈናጥሮ አንድ ዓይኑን መታው። ዓይኑ ጠፋ፤ ብሌኑም ነጭ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጥቁር መነጽር ሳያደርግ ሰው ፊት ወጥቶ አያውቅም። እራት እንኳ ከነመነጽሩ ነበር የሚበላው።

ከአደጋው በፊት በቤተ ክርስቲያናችን የእግዚአብሔርን ቃል የሚያነበው እሱ ነበር። በጥቁሩ መነጽር ፊደል አይታየውም፤ በንባብ መነጽሩ ደግሞ የጠፋው ዓይኑ ይታይበታል። ስለዚህ ማንበቡን ተወው። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም።

ምሕረት ልታገባ ስትል ከአባዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በእኔ ሠርግ ላይ እንዳነበበው በእሷም ሠርግ ቆሞ እንዲያነብላት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ስትለማመጠው ሰነበተችና በመጨረሻ፣ "ዓይኔ ሳይታይ ፊደሉ ከታየኝ አነባለሁ" አላት።

ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥቁሩ መነጽር በጠፋው ዓይን በኩል እንዳለ ይቀራል። በደህናው ዓይን በኩል ያለው ጥቁር ሌንስ ወጥቶ፣ ከድሮው የንባብ መነጽሩ ሌንስ ተቆርጦ ይገባበታል። የድሮው መነጽር ጉንጭ የሚሸፍን ሰፊ ስለነበር ለመቆረጥ ይበቃል። አባዬ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ ሊሆን ነው ወይ ብሎ ሳቀ። ምሕረት አዲስ ፋሽን ነው ብለን እናስወራለን አለችው። እሺ አለ።

ሐሙስ ዕለት ሁለቱንም መነጽሮች ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ሰዓትና መነጽር ወደሚጠግኑት ወደ ጋሽ ማርቆስ ሄድኩ። ጥቁሩን አገላብጠው አዩና ባለቤቱ ለምን አልመጣም አሉኝ። ያለ መነጽር ከቤት አይወጣም፣ መነጽሩ ደግሞ እርስዎ እጅ ላይ ነው አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ የጠፋው የትኛው ዓይን እንደሆነ ጠየቁኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩና አባዬን፣ ጥቁሩን መነጽር ከመግዛቱ በፊት፣ ገበታ ላይ ፊት ለፊቴ እንደተቀመጠ አሰብኩት። ነጩ ዓይን በቀኝ እጄ በኩል ነው። "የቀኙ" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ እህቴ? አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።"

"የአባቴን ፊት አላውቅም እንዴ?" አልኳቸው፤ ትንሽ ቆጣ ብዬ።

እሳቸውም በቁራጭ ወረቀት ላይ "ቀኝ ጥቁር፣ ግራ ንባብ" ብለው ጻፉ። የግራውን ጥቁር ሌንስ አወጡና በወፍራም ወረቀት ላይ ዙሪያውን ቀዱት። በዚያ ልክ የንባቡን ሌንስ በቀጭን መጋዝ ሲቆርጡ ቆሜ አየሁ። ጥቂት በሞረድ ይነኩታል፣ ይለኩታል፣ እንደገና ይነኩታል። የቀረው ማለስለስ ጊዜ ስለሚፈልግ ቅዳሜ ጠዋት ነይ አሉኝ። የወጣውን ጥቁር ሌንስ ግን ያኔውኑ ሰጡኝ።

ቅዳሜ ሠርጉ ነበር። መነጽሩን በጨርቅ ጠቅልለው አስረከቡኝ። እንዳይጫርብኝ ብዬ ፈትቼ አላየሁትም። ሚኒባስ ተሳፍሬ አረካ ስደርስ አባዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እንደ ፀሐይ መከላከያ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይጠብቀኛል። እናቴ ክንዱን ይዛዋለች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መነጽሩን አደረገና ጫፉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

ይሆንሃል ወይ አልኩት። "ደህና ነው፤ አንቺ ግቢ" አለኝ። እኔም ወደ ሙሽራዋ ሮጥኩ።

የንባቡ ሰዓት ደርሶ ስሙ ሲጠራ ተነስቶ ወደ መድረኩ ወጣ። ወደ እኛ ሲዞር ክው ብዬ ቀረሁ። ነጩ ዓይኑ በጠራው ሌንስ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚያየው ዓይኑ ደግሞ ከጥቁሩ ኋላ ነው። ለካ ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ በእኔ ቀኝ የማየው ዓይን የእሱ ግራ ኖሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሙሽራው ወገኖች የፊተኛውን ወንበር ሞልተው ያዩታል። አባዬ መጽሐፉን ገልጦ አጎነበሰ፣ ቀና አለ፣ እንደገና አጎነበሰ። ምሕረት እጄን ጨመቀችኝ።

ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባዶ ፊቱን ቆመ። መነጽሩን ገለበጠው፤ የአፍንጫው ክፍተት ወደ ላይ፣ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ቆልማማም ወደ ላይ ሆነ። እንደተገለበጠ ዓይኑ ላይ አደረገውና እንዳይወድቅ መሐሉን በእጁ ያዘው። አሁን የንባቡ ሌንስ በደህናው ዓይን ላይ፣ ጥቁሩም በጠፋው ላይ ዋለ። ከመዘምራኑ መሐል አንዷ ሳቅ አመለጣት።

አባዬ ቀና አለና በወላይትኛ፣ "መነጽሩ ነው እንጂ ቃሉ አልተገለበጠም" አለ።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ቀጥሎም በመማሪያ ክፍል በለመደው ድምፁ፣ ልጆች እንዲሰሙት እንደሚያነብ አስተማሪ፣ አንድ ቃል ሳይዘል እስከ መጨረሻው አነበበ። የምሕረት ኩል እስከ ጉንጯ ወረደ። የእኔንስ አታንሱት።

ምሳ ላይ ሥጋና የሚያቃጥል ዳጣ ቀርቦለት ሲበላ አጠገቡ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። በሩ ላይ ሲያደርገው እንዳወቀ ነገረኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ብነግርሽ ወደ ሶዶ ትመለሺ ነበር አለኝ። መዘምራኑ ሲዘምሩ የመገልበጡን ነገር ሲያስብበት እንደነበረም አጫወተኝ።

"መገልበጡስ ቀላል ነው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ለመገልበጥ ግን መጀመሪያ ማውለቅ ነበረብኝ።"

በሳምንቱ ራሱ ሶዶ መጣና አብረን ጋሽ ማርቆስ ዘንድ ሄድን። ነገሩን ስነግራቸው ደንግጠው ያቺን ቁራጭ ወረቀት ከመሳቢያ አወጡ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። ጥቁሩን ወደ ግራ ላዙርልዎ ብለው አባዬን ጠየቁት።

"ጥቁሩን ያውጡልኝ" አለ አባዬ። "ሁለቱንም የንባቡን ያድርጉልኝ። ሁሉም ካየው በኋላ ከማን እደብቀዋለሁ?"

አሁን እሑድ እሑድ ያነባል። እኔ ግን በስህተቴ ከማፍረው ይልቅ ለጋሽ ማርቆስ በመለስኩት መልስ አፍራለሁ። የአባቴን ፊት የማውቀው በእኔ በኩል ብቻ ነበር። ከዚያ መነጽር ኋላ ሆኖ አራት ዓመት ሙሉ ምን እንደሚታየው አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

የወጣው ጥቁር ሌንስ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። አንዳንድ ቀን ባልደረቦቼ ለምሳ ሲወጡ አንድ ዓይኔን እጨፍንና ሌንሱን በሌላው ላይ ይዤ እስከ በሩ ለመሄድ እሞክራለሁ። እስካሁን ወንበር ሳልገጭ ደርሼ አላውቅም።